«ለውሻ በረዶ?» ብላችሁ ለሳቃችሁብኝ ሁሉ



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። የቸኮለ ሰው ላይክ አድርጎ ይለፍ፣ ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

እሁድ ዕለት አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ቡቺ የሚባለው ውሻችን ፓፓያና ሙዝ ተፈጭቶ በረዶ ሆኖለት ሲልስ ይታያል። ከሥሩ «ግንቦት በድሬ» ብዬ ጻፍኩ። በቃ፣ ይኼው ነው። ማንንም አልሰደብኩም፣ ፖለቲካ አላወራሁም፣ መዋጮ አልጠየቅኩም። ማታ ስልኬን ስከፍት ግን ጉድ ፈልቷል።

«ቲቸር፣ ደሞዝ ተጨመረ እንዴ?»

«ሰው በተራበበት አገር ለውሻ አይስክሬም! ይኼ ነው የቀረን።»

«ፈረንጅ መሆን ሲያምር!»

«ውሻ እኮ ሥጋ በል ነው፣ አንተው ነህ ያስተማርከን።»

«በሃይማኖትም ጥሩ አይደለም፣ ወንድሜ ተው።»

አንዱ ደግሞ ቃል ሳይጽፍ የሚስቅ ፊት ብቻ ደርድሮ ሄዷል። ቆጠርኩት፣ 23 ነው።

አቦ! እኔ ሳቅ አልጠላም። ፎቶው ያስቃል፣ ቡቺ አፍንጫው ላይ ፓፓያ ተለጥፎበታል። ግን ከሳቁ ሥር አንድ ሐሳብ አለ፣ እሱ ነው ያላስቻለኝ። ሐሳቡ እንዲህ ይላል፦ «ርኅራኄ እንደ ቀበሌ ዘይት በኮታ የሚታደል ነገር ነው፤ ለውሻ የሰጠኸው ከሰው ላይ የተቀነሰ ነው።» ይኼ ውሸት ነው። በየተራ ላስረዳችሁ።

1ኛ) «ሰው በተራበበት አገር»

አዎ፣ ሰው ተርቧል። ይኼን ለአስተማሪ መንገር አያስፈልግም። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ጭንቅላቱን ዴስክ ላይ ሲደፋ የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህ ረሃብን የቀልድ ማጣፈጫ ስታደርጉት ደስ አይለኝም።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። ቀፊራ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። አንድ ጎኑ የላላ ፓፓያ፣ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ፣ ጁስ ቤት እንኳ የማይወስደው ማንጎ ታገኛላችሁ። ሻጮቹ ወይ በርካሽ ይሸጡታል፣ ወይ ማታ ለፍየል ይጥሉታል። የእኔ የእሁዱ «ድግስ» የአንዱ የላላ ፓፓያ ግማሽ፣ ሁለት የጠቆረ ሙዝና የቧንቧ ውሃ ነው። ደሞዝ ተጨመረ ወይ ለሚለው መልሱ ይኼው፤ አልተጨመረም፣ አያስፈልግምም።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ያ ግማሽ ፓፓያ ቡቺ ባይበላው ኖሮ ለየትኛው የተራበ ሰው ይደርስ ነበር? አንድ ስም ጥሩልኝ።

ደግሞ ለምን ይዋሻል? በዚህ ከተማ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለጫት የሚወጣውን ብር ሁላችንም እናውቃለን። ለበርጫው ማጀቢያ የሚገዛውን ቀዝቃዛ ለስላሳም እናውቃለን። የጫት ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ሞልቷል። ከዚያ ፎቶ ሥር «ሰው በተራበበት አገር» ብሎ የጻፈ ሰው ግን እስከዛሬ አላየሁም። ለልደት ኬክ ፊት ላይ ሲለጠፍም አላየሁም። የተራበው ሰው ትዝ የሚለን ውሻ አፉን ሲከፍት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አምና የተወሰንን አስተማሪዎች ቁርስ ለማይበሉ ተማሪዎች ዳቦና ሻይ ለማዘጋጀት ገንዘብ ስናሰባስብ እዚሁ ገጽ ላይ ጽፌ ነበር። ብር የላኩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ጠዋት ጠዋት የሰፈር ውሾችን የምታበላ ሴትዮ ናት። እሁድ ዕለት «ሰው ተርቧል» ብለው የገሠጹኝን ሰዎች ስም ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ፈለግኩ። የሉም። ለውሻው ያልሰጣችሁትን ለልጁም አልሰጣችሁትም።

2ኛ) «ፈረንጅ መሆን ሲያምር»

ሙቀት ፈረንጅ ነው እንዴ? ጥማት በኮንቴይነር የገባ ዕቃ ነው?

ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። እኛ በዚያ ሰዓት ምን እናደርጋለን? ጁስ ቤት እንቀመጣለን። ውሃው በረዶ ካልሆነ እናማርራለን። ምሳ በልተን ጥላ ፈልገን ጋደም እንላለን፣ ሱቁም ይዘጋል፣ ከተማው ፀጥ ይላል። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ጆሯችሁን ብታቆሙ ከየግቢው አንድ ድምፅ ትሰማላችሁ። የውሻ ማለክለክ ነው። ከቆርቆሮ አጥር ሥር፣ በአጭር ሰንሰለት፣ ጣሳው ደርቆ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ጥሩ ተረት ነው፣ ግን ውል ነው እኮ! እሱ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኽልናል። ሌባውን ይጮኽበታል፣ ጅቡን ይጮኽበታል፣ እኛ አንሶላ ገፈን ስንተኛ እሱ ቆሞ ያድራል። በውሉ መሠረት የእኛ ድርሻ ማብላት ነው። እስኪ የእናንተ ግቢ ውሻ ትናንት ምን በላ? የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ለውሻ ሹራብ መስፋት፣ በጋሪ ማንሸራሸር፣ ልደት ማክበር የሚወድ ይውደድ፤ እኔ የቡቺን ልደት አላውቀውም። የበጋ ሙቀት ላይ የሚቀዘቅዝ ነገር መስጠት ግን ባህል የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም። አያቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖር ውሃ በእንስራ ያቀዘቀዙት ፈረንጅ አማክረው ነው?

3ኛ) «ሥጋ በል ነው፣ አንተው ነህ ያስተማርከን»

ይኼን የጻፍከው ልጅ ተማሪዬ ነህና ስምህን አልጠራም። ግን ግማሹን ነው የያዝከው፤ የዚያን ጊዜም የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው።

ውሻ «ካርኒቮራ» ከሚባለው ምድብ ነው፣ እውነት ነው። ድብም ከዚያው ምድብ ነው፣ ፍሬና ማር ሲያገኝ ግን አይምርም። ፓንዳም ከዚያው ምድብ ነው፣ የሚውለው ግን ቀርከሃ ሲያኝክ ነው። የምድቡ ስም የምግብ ዝርዝር አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የውሻንና የተኩላን ዘረመል ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች «ኔቸር» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ውሻ ስታርች የሚፈጨውን የአሚሌስ ዘረመል ከተኩላ በብዙ እጥፍ ደጋግሞ እንደያዘ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሰው ጋር ሲኖር የሰው ፍርፋሪ ሲበላ ነው የኖረው። የኛ አገር ውሻማ በእንጀራና በዳቦ አይደል እንዴ የሚያድገው? ጣፋጭም ያጣጥማል። ድመት ናት ጣፋጭ የማይገባት፤ ጣፋጭ የሚለየው የምላሷ መቀበያ አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኛ ሲሞቀን መላ ሰውነታችን ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን እንቀዘቅዛለን። ውሻ ከመዳፉ ሥር ካለችው ትንሽ ቦታ በቀር ላብ የለውም። የቀረው መላው ማለክለክ ነው፤ ከምላሱና ከመተንፈሻው ላይ ውሃ አትንኖ ሙቀት ያስወጣል። ይኼ ማለት ለመቀዝቀዝ ውሃ ያጠፋል ማለት ነው። ውሃ ከሌለው የሚተነው ነገር የለም። የሚተነፍሰው አየር እሳት ከሆነ ማለክለኩም እምብዛም አይጠቅመውም። ጤነኛ ውሻ 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ነው ሙቀቱ። 41 ካለፈ ኩላሊቱ፣ ጉበቱ፣ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል።

ስለዚህ ውሃነቱ የበዛ ቀዝቃዛ ፍሬ ሲሰጠው ሁለት ነገር ያገኛል፤ አፉ ይቀዘቅዛል፣ ሳያስበው ውሃ ይጠጣል። ሐብሐብ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ፓፓያም እንደዚያው። ቅንጦት የምትሉት ነገር ይኼ ነው።

አንድ ወዳጄ ደግሞ በኢንቦክስ «በረዶ የውሻን ሆድ ነፍቶ ይገድላል» ብሎ ጻፈልኝ። ለቡቺ አስቦ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን የቆየ የኢንተርኔት ወሬ ነው፣ የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው አስተባብለውታል።

4ኛ) «በሃይማኖትም ጥሩ አይደለም»

እዚህ ላይ በትሕትና ነው የምናገረው፤ ሼክም ቄስም አይደለሁም። ድሬ ላይ ደግሞ የሁለቱንም ልጆች ነው የማስተምረው።

ሙስሊም ወንድሞቼ የጉድጓዱን ታሪክ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። በመንገድ የጠማው ሰው ጉድጓድ ወርዶ ጠጥቶ ሲወጣ በጥማት እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ ያያል። ተመልሶ ይወርዳል፣ ጫማውን ውሃ ሞልቶ በጥርሱ ነክሶ ይወጣል፣ ያጠጣዋል። በዚያ ሥራው ምሕረት እንዳገኘ ነው ሐዲሱ የሚናገረው። ለውሻ! በጫማ! እኔ እንኳ ሳህን ነው የተጠቀምኩት።

የምራቁን ጉዳይ ለሚያነሳ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ለውሻው የራሱ ሳህን ይኑረው፣ ከቤት ዕቃ ጋር አይቀላቀል፣ ቦታው ግቢ ይሁን። ርኅራኄውና ንጽሕናው አይጣሉም።

ክርስቲያን ወንድሞቼ ደግሞ የአልዓዛርንና የሀብታሙን ምሳሌ አስታውሱ። ድሃው ቆስሎ ደጃፍ ላይ ወድቋል። ሀብታሙ አላየውም። ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። ልብ በሉ፤ ሀብታሙ ለአልዓዛር ፍርፋሪ የነፈገው ለውሾቹ ስላበላ አልነበረም። ልቡ ለሁለቱም ዝግ ነበር። የእኔ ክርክር በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ ወደናንተ፣ ልብ ወደሰጣችሁኝ

ላይክና ልብ ያደረጋችሁ ሰዎች እንዳታመልጡ። እናንተንም ፈራኋችሁ። ሦስት ሰዎች «እኛም እንሥራ፣ ለቲክቶክ ያምራል» ብላችሁኛል። አንዷ የወይን ፍሬ በረዶ ውስጥ አስገብታ «አያምርም?» ብላ ፎቶ ልካልኛለች። ያምራል። ለውሻ መርዝ ነው።

ከውጭ ቪዲዮ ዓይታችሁ በጭፍን ከመቅዳታችሁ በፊት ይኼን ያዙልኝ፤ ኮፒ አድርጋችሁ ብታስቀምጡትም አይከፋኝም።

• ወይንና ዘቢብ፦ በፍጹም። የውሻን ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊያቆም ይችላል። ይኼን ያህል ቢበላ ምንም አይለውም የሚባል የታወቀ ልክ የለም። ዘቢብ ያለበት ኬክና ዳቦም ያው ነው።

• ሁመር (ሮቃ የምትሉትም)፦ ይኼ ለእኛ ለድሬና ለሐረር ሰዎች ነው፣ የውጭ ቪዲዮ ላይ አታገኙትም። በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእንስሳት መርዝ ሐኪሞች የወይኑ ጉዳት ታርታሪክ አሲድ ከሚባለው ነገር ሳይመጣ እንደማይቀር ጠቆሙ። ሁመር ደግሞ ይኼ አሲድ የሞላበት ነው፣ ሁመር በልተው ኩላሊታቸው የተጎዳ ውሾችም ተመዝግበዋል። ለእናንተ ግሩም መጠጥ ነው። ለውሻ እንዳትሞክሩት።

• ቸኮሌትና ቡና፦ ልቡን ያስጨንቁታል፣ ያንቀጠቅጡታል፣ ሲበዛ ይገድሉታል።

• ዛይሊቶል፦ «ስኳር የለሽ» ከሚባሉ ማስቲካዎችና ከአንዳንድ የውጭ የለውዝ ቅቤዎች ውስጥ ያለ ማጣፈጫ ነው። የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ይጥለዋል፣ ጉበቱንም ያበላሻል። የለውዝ ቅቤ መጨመር ከፈለጋችሁ ለውዝ ብቻ የተፈጨበትን።

• የማንጎ ፍሬ፣ የአቮካዶ ፍሬና ልጣጭ፦ ፍሬው ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል፣ አንጀት ይዘጋል።

• ከገበያ የተገዛ አይስክሬም፦ ስኳሩም ወተቱም አይስማማውም። ብዙ ጎልማሳ ውሻ የወተት ስኳር አይፈጭም፣ ተቅማጥ ነው የምታተርፉት። ውሃ የሚያጣበትን መንገድ ከፈታችሁለት ምኑን አቀዘቀዛችሁት?

• ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፦ ፍራፍሬ ባይሆኑም ልጥቀሳቸው፤ ወጥ ፍርፋሪ ላይ ሁሌ አሉና። ቀይ የደም ሴሉን ነው የሚያፈርሱት።

ለላይክ ብሎ ውሻ መመረዝ ከሚሳደበው ሰው የባሰ ነው። የሚሳደበው ቢያንስ ውሻውን አልነካውም።

አሠራሩ (ሦስት ደቂቃ አይፈጅም)

ሙዝ ልጣጩ ይነሳ። ፓፓያ ልጣጩም ፍሬውም ይውጣ። ሐብሐብ ቀዩ ብቻ፣ ፍሬው ተለቅሞ። ማንጎ ሥጋው ብቻ። አንዱን ወይ ሁለቱን በሹካ ድፍጥጥ አድርጉት፣ ጁስ መፍጫ አያስፈልግም። ፍሬው በሆነበት ልክ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። ስኳር የለም፣ ማር የለም፣ ጨው የለም። ካላችሁ አንድ ማንኪያ እርጎ ይበቃል፣ ከሌላችሁም አይጎድልም። በትንንሽ ስኒ ወይም በፍሪጁ በረዶ መሥሪያ ገልብጣችሁ አሳድሩት።

ስታወጡት ወዲያው አትስጡት። ድንጋይ የሆነ በረዶ ሲቆረጥም ጥርስ ይሰብራል። አምስት ደቂቃ አስቀምጡት፣ ላዩ ሲላላ በሳህኑ ስጡት፣ ይላሰው። ለትንሽ ውሻ በትንሹ። የመጀመሪያ ቀን አንዲት ቁራሽ ሰጥታችሁ ሆዱን እዩ። በቀን አንድ ሁለት ይበቃል፤ እንዲህ ያለ ማጣፈጫ ሁሉ ተደምሮ ከቀን ምግቡ አንድ አሥረኛ ማለፍ የለበትም። ስኳር በሽታ ያለበት ወይም የወፈረ ውሻ ከሆነ ፍሬውን ተዉት፣ ውሃውን ብቻ አቀዝቅዙለት።

«መብራት የለም፣ ፍሪጅ የለኝም» ለምትሉኝ፦ እንስራ ወይም የሸክላ ማሰሮ ውሃ ሞልታችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡ። ሸክላው ትንሽ ትንሽ ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ውሻው በምላሱ የሚያደርገውን ነው ሸክላው በግድግዳው የሚያደርገው። የተቆረጠ ሐብሐብ እዚያ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጋችሁ ብትሰጡት አይከፋውም።

ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡት

ይኼ በረዶ የመጨረሻው ነገር ነው። ከሱ በፊት አራት ነገሮች አሉ።

ውሃ። በቀን አንዴ ሳይሆን ሁልጊዜ፣ በማይገለበጥ ዕቃ፣ ጥላ ላይ።

ጥላ። አንድ ማዳበሪያ ጆንያ በሁለት እንጨት ወጥራችሁ ብትሰቅሉ ጥላ ነው። ቆርቆሮ ቤት ግን ጥላ አይባልም፣ ምድጃ ነው።

ገመድ። ግድ ከታሰረ ረዘም ያለ ይሁን፣ ጥላው ሲዞር እሱም እንዲዞር። የብረት ሰንሰለት ፀሐይ ላይ ሲግል እጃችሁን አስጠግታችሁ ሞክሩት።

ክትባት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፣ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ ያህሉ በውሻ የሚመጣ ነው። አገራችን በብርቱ ከሚጠቁት አንዷ ናት። አጠራጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ማለትም የእኔ ተማሪዎች ታናናሾች። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ከሠራው ጀምሮ አለ። ውሻውን በየዓመቱ አስከትቡ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሥር አስቀምሳለሁ ብሎ ቀን መግደል ሰው መግደል ነው። ውሻውን ሳያስከትብ ፓፓያ የሚያቀዘቅዝለት ሰው ካለ በእሱ ላይ እኔም አብሬያችሁ እስቃለሁ።

ይኼን ሁሉ የምለው ከአየር ላይ አንስቼ አይደለም። ባለፈው ሚያዝያ እዚሁ እኛ ሰፈር አንድ የጥበቃ ውሻ ሞተ። ባለቤቶቹ ጠዋት ሠርግ ሄዱ። ውሻው በሩ ሥር በአጭር ሰንሰለት ታስሯል፣ ጀርባው ቆርቆሮ ነው። ጥላው በአራት ሰዓት አለቀ። ማታ ሲመለሱ ምላሱ ወጥቶ ደርቋል፣ ጣሳው ባዶ ነው። ሰውየው «መርዘውብኝ ነው» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ጠረጠረ። ማንም አልመረዘውም። ፀሐይ ናት። ልጁ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጣሳውን ይዞ ቆሞ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። «በተራበ አገር» ብሎ የተናገረም አልነበረም።

ይኼ ከገጠማችሁ፣ ማለትም ውሻው በኃይል እያለከለከ ከተንገዳገደ፣ ድዱ ቀይ ፍም ከሆነ ወይ ካስታወከ፣ በረዶ አትስጡት፣ ውሃም በግድ አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ገላውን በውሃ አርሱት፣ አራግቡለት፣ እየቀዘቀዘ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የፍራፍሬው በረዶ ለጤነኛ ውሻ ነው።

ለተማሪዎቼ

እናንተ ልጆች፣ አሁን አባት የሆናችሁ አላችሁ፣ እናት የሆናችሁ አላችሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ነርቭ ሳስተምራችሁ ሕመም የሚሰማው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ነግሬያችኋለሁ። ፈተና ላይ ጽፋችሁታል፣ ማርክ አግኝታችሁበታል። ግን ልጅ ይኼን ከደብተር አይማረውም። አባቱ ለታሰረው ውሻ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ውሃ ይዞ ሲወጣ ካየ ይማረዋል። አባቱ በድንጋይ ሲያባርረው ካየም ይማራል፣ ያኛውን ትምህርት። ከዚያ ትምህርት ቤት መጥቶ ደካማውን ልጅ ጥግ ላይ ሲያስጨንቀው የማየው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የለመደው በማን ላይ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጠፋኝም።

ለዚህ ነው ነገሩን ያከበድኩት። ግማሽ ፓፓያ አገር አያቀናም። ግን የሚሞቀው ሁሉ እንደሚሞቀው ማሰብ የጀመረ ልጅ፣ ነገ ዴስክ ላይ የተደፋውን ጓደኛውን «ቁርስ በልተሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ልጅ ነው የቸገረን።

አልስማማም የምትል ጻፍ፣ አላጠፋብህም። ስድብ ግን አጠፋለሁ። የምትስማሙ ደግሞ ልብ አትላኩልኝ። ነገ በስድስት ሰዓት ወደ ግቢያችሁ ውጡ። የውሻውን የውሃ ዕቃ እዩ። ባዶ ከሆነ ሙሉት፣ ሙቅ ከሆነ ቀይሩት። የእናንተ ባይሆንም፣ የጎረቤት ቢሆንም፣ የማንም ቢሆንም።

ቸር ሰንብቱ።